ምን ልናጅብ ነው?

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ወዳጄ ቴሌግራም ላይ ፎቶ ላከልኝ። ሰርጓጅ መርከብ ነው። ከማዕበል መሃል አፍንጫውን ቀና አድርጎ ይወጣል፣ ጎኑ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ተቀብቷል፣ ጀርባው ላይ አንበሳ ቆሟል። አንበሳው አምስት እግር አለው፤ ፎቶውን የሠራው ኤ.አይ. እግር መቁጠር ላይ ጎበዝ አይደለም። ከሥሩ «ቀይ ባሕር ሆይ፣ መጣንልህ!» ይላል። ላይኩ አይጠየቅም። እኔም ገብቼ አንድ መስመር ጻፍኩ፦ «እሺ፣ ምን ልናጅብ ነው?»

እስኪመሽ ድረስ ባንዳ ተባልኩ። ተላላኪ ተባልኩ። አንዱ ደግሞ «አንተ ዝም ብለህ ኮድህን ጻፍ» አለኝ። ኮዴንማ እጽፋለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ጥያቄው ግን ቀልድ አልነበረም። ስለዚህ እዚህ፣ ቦታ ባለበት፣ በደንብ ልድገመው።

የምለው አጭር ነው። የባሕር ኃይል የሚለካው ባሰጠመው ሳይሆን ባደረሰው ነው። እኛ ስለ ባሕር ስናወራ ስለ መድፍና ስለ ባንዲራ እናወራለን፤ ስለ ጭነቱ፣ ጭነቱን ስለሚያደርሰው ሰው፣ ቤት ቁጭ ብላ ስለምትጠብቀው እናት አናወራም። ይሄ የአነጋገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከእኛ መቶ እጥፍ መርከብ የነበራቸው ሰዎች ይህንኑ ተሳስተው ሊራቡ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ያገባኛል? ያደግሁት ቦንጋ ነው። አብሮኝ ሃይስኩል የተማረ ጓደኛዬ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ፈታ። በኋላ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለውን የማሪታይም ሥልጠና ተፈትኖ ገባ፤ አሁን የውጭ ባለቤቶች ባሏት የጅምላ ጭነት መርከብ ላይ የሞተር ክፍል መሐንዲስ ነው። ከፋ ተወልዶ፣ ዓይኑ ከደንና ከኮረብታ ሌላ ሳያይ አድጎ፣ ዛሬ ከባሕር ወለል በታች ባለ የሞተር ክፍል ውስጥ 40 ዲግሪ ሙቀት ላይ ይሠራል።

በ2024 መጀመሪያ፣ ለገና ቤተሰብ ጋ ሄጄ እናቱን ልጠይቅ ገባሁ። ቡና ተፈላ፣ ማር በዳቦ ቀረበ። አቦሉን እንደጠጣን እማማ ስልኬን እያዩ «አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ፤ ልጄ አሁን የት እንዳለ አሳየኝ እስቲ» አሉኝ። አሳየኋቸው። መርከቦች ስማቸውን፣ ቦታቸውንና ፍጥነታቸውን በሬዲዮ የሚያሰራጭ መሣሪያ አላቸው፤ ማንም ሰው በስልኩ ካርታ ላይ እንደ ነጥብ ሊያያቸው ይችላል። ነጥቧ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነበረች፣ ወደ ባብ ኤል መንደብ እየሄደች።

በማግሥቱ ነጥቧ ጠፋች። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ በዚያ ሰሞን ብዙ መርከቦች ሁቲዎች እንዳያገኟቸው መሣሪያውን እያጠፉ ነበር የሚያልፉት። ለእማማ ግን «ኔትወርክ ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «ኔትወርክ የሚጠፋው ቦንጋ ነው እንጂ ባሕር ላይም ይጠፋል?» አሉ። ቀጥለው የጠየቁኝ ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ፦ «ብቻዋን ናት ወይስ ከሌሎች ጋር ነው የምትሄደው? ሲራራ እኮ ብቻውን አይሄድም።»

*

እማማ ባሕር አይተው አያውቁም። ግን የጠየቁት ጥያቄ የብሪታንያ ባሕር ኃይል በ1917 ሊመልሰው ያልፈለገው ጥያቄ ነው።

ሲራራ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ መኪና ሳይኖር በፊት ረጅም ርቀት በኅብረት የሚጓዝ የነጋዴ ጉዞ ነው። ቦንጋ የዚህ መንገድ አንዱ ጫፍ ነበረች። መንገዱ ከቦንጋ ተነስቶ በጅማ በኩል፣ ጊቤንና ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎጃም ባሶ ገበያ፣ ከዚያ በጎንደር አድርጎ ምጽዋ ይደርሳል። ነጋዴው ብቻውን አይነሳም። ሌሎች እስኪሰበሰቡ፣ አንዳንዴ ሳምንታት፣ ይጠብቃል። በነጋድራሱ ሥር ሆኖ፣ መሣሪያ የያዘ ሰው ፊትና ኋላ አድርጎ ይጓዛል። ሽፍታ አሥር ሰው ይዘርፋል፤ አምስት መቶ በቅሎ ያለው ጉዞ ግን ያስፈራዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልለፍ። ያ ሲራራ ከቡናውና ከዝባዱ ጋር ከከፋና ከአካባቢው የተሸጡ ሰዎችንም ይዞ ነበር የሚሄደው። አጀቡ ለእነሱ ጥበቃ አልነበረም፤ እስር ቤት ነበር። ስለዚህ አጀብ በራሱ ጽድቅ አይደለም። ምን ታጅባለህ የሚለው ጥያቄ ከአጃቢው ጥንካሬ ይቀድማል። ይህን ያዙልኝ።

ወደ 1917 እንሂድ። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የብሪታንያን የንግድ መርከቦች እያሰጠሙ ነው። በኤፕሪል ወር ብቻ ወደ 860,000 ቶን የሚሆን መርከብ ባሕር በላው። ከብሪታንያ ወደብ ለረጅም ጉዞ ከሚወጡ አራት መርከቦች አንዱ አይመለስም ነበር። አገሪቱ የምትበላው ስንዴ የሚመጣው በእነዚህ መርከቦች ነው።

አድሚራሎቹ ታዲያ ምን እያደረጉ ነበር? እያደኑ። ፈጣን የጦር መርከቦቻቸውን ይዘው ሰፊ ባሕር ላይ ሰርጓጅ ፍለጋ ይዞራሉ። ይሄ «ማጥቃት» ስለሚባል ያምራል። የንግድ መርከብ አጠገብ ቀስ ብሎ መሄድ ግን «መከላከል» ነው፣ የእረኛ ሥራ ነው፣ ለጀግና አይመጥንም። ሰርጓጁ ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ አዳኙ ሲመጣ ይጠልቃል፣ ሲያልፍ ይወጣና ብቻዋን የምትሄደዋን መርከብ ይመታል።

ኮንቮይ ይሁን ሲባል የሰጡት መልስ «አይቻልም» ነበር። ማስረጃቸው ቁጥር ነው፦ በሳምንት 2,500 መርከብ ይገባል፣ 2,500 ይወጣል፤ ይህን ሁሉ በምን አጅበን እንችላለን? ሬጂናልድ ሄንደርሰን የሚባል የማዕረጉ ዝቅተኛ የሆነ መኮንን ይህን ቁጥር ተጠራጠረ። የንግድ መርከብ ጉዳይ ወደሚከታተለው መሥሪያ ቤት ሄዶ ዳታውን ጠየቀ። 2,500 ውስጥ ከወደብ ወደ ወደብ የምትንፏቀቅ ትንሽ ጀልባ ሁሉ ተቆጥራለች። ውቅያኖስ አቋርጠው የሚመጡት፣ ማለትም መታጀብ ያለባቸው፣ በሳምንት ከ120 እስከ 140 ገደማ ብቻ ነበሩ!

ሶፍትዌር የምትሠሩ ይህ ታሪክ ይገባችኋል። ሲስተሙ አይችልም የተባለው ማንም ጥያቄውን በትክክል ስላልጻፈ ነው። ቆሻሻ ዳታ ላይ ቆሞ አንድ አገር ሊራብ ነበር። በሜይ 10፣ 1917 የመጀመሪያው የሙከራ ኮንቮይ ከጂብራልታር ተነሳ፤ አንድም መርከብ ሳይጠፋበት ደረሰ። ከዚያ በኋላ በኮንቮይ ከሄዱት መርከቦች የጠፋው ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም።

*

ለምን ሠራ? ሁለት ምክንያት አለው፣ ሁለቱም የሃይስኩል ሒሳብ ናቸው።

አንደኛው፦ ባሕር ትልቅ ነው። 40 መርከብ ተበትኖ ሲሄድ ሰርጓጁ 40 ዕድል አለው። 40ዎቹ ተሰብስበው ሲሄዱ ግን ለሰርጓጁ ከአንድ መርከብ ብዙም ያልተለቀ አንድ ኢላማ ነው፤ የቀረው ባሕር ባዶ ይሆናል። ቢያገኛቸውም ቶርፔዶው ውስን ነው፤ አንድ ሁለት መትቶ ይጠልቃል፣ ሌሎቹ ያልፋሉ።

ሁለተኛው፦ ክብ ሳሉ። መርከቦቹ የሚሞሉት የክቡን ስፋት ነው፣ አጃቢዎቹ የሚጠብቁት ዙሪያውን ነው። መርከቦቹን እጥፍ ብታደርጓቸው ስፋቱ እጥፍ ይሆናል፤ ዙሪያው ግን የሚጨምረው በ1.4 ብቻ ነው። ስለዚህ ትልቅ ኮንቮይ ለአጃቢ ይቀላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓትሪክ ብላኬት የሚባል የፊዚክስ ሊቅ (በኋላ ኖቤል ተሸልሟል) ከቡድኑ ጋር ቁጥሩን አየው። በአማካይ 32 መርከብ የያዙ ኮንቮዮች 2.5 በመቶ ሲያጡ፣ በአማካይ 54 የያዙት ያጡት 1.1 በመቶ ነበር። ባሕር ኃይሉ እስከዚያ ድረስ ትልቅ ኮንቮይ አደገኛ ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1944 ክረምታችን ላይ ኤች.ኤክስ.ኤስ. 300 የተባለው ኮንቮይ 167 መርከብ ይዞ አትላንቲክን ተሻገረ፤ አንድም አልጠፋበትም።

ከሁሉ የምወደው ግን የመድፎቹ ታሪክ ነው። የብሪታንያ የንግድ መርከቦች ላይ ፀረ አውሮፕላን መድፍ ተገጥሞ ነበር። አንድ ቀን ሰዎች ቆጠሩና፣ መድፎቹ ከሚያጠቋቸው አውሮፕላኖች የጣሉት 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። «ይነሱ፣ ብክነት ነው» ተባለ። ከዚያ አንድ ሰው ጥያቄውን ቀየረ። መድፉ የተገጠመው አውሮፕላን ለመጣል ነው ወይስ መርከቡን ለማድረስ? ተቆጠረ። ከተጠቁት ውስጥ መድፍ ከማይተኩሱት 25 በመቶው ሲሰጥም፣ ከሚተኩሱት የሰጠመው 10 በመቶ ነበር። መድፉ አውሮፕላን አልጣለም፤ ግን አብራሪውን እጁን አንቀጠቀጠው። መርከቡ ደረሰ። በቃ፣ ሥራው ያ ነበር።

እንግዲህ የኛን የፌስቡክ አድሚራሎች በዚህ ሚዛን አስቀምጧቸው። ስንት ሰርጓጅ፣ ስንት ፍሪጌት፣ ስንት ሚሳይል ይሏችኋል። «ስንት መርከብ ይደርሳል?» የሚል አንድ ሰው አሳዩኝ።

*

«ይሄ የፈረንጅ ታሪክ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ይህ ጦርነት በራችን ላይም ተካሂዷል፤ ያውም የኛን ስም በለበሱ ሰርጓጆች።

ጣሊያን በ1930ዎቹ ከሠራቻቸው ሰርጓጅ መርከቦች የአንዱ ምድብ ስም «አድዋ» ነው። በምድቡ ውስጥ ጎንደር አለ፣ ደሴ አለ፣ አክሱም፣ ተንቤን፣ አላጌ፣ አሸንጌ፣ ነገሌ አለ። የወረሩትን አገር ስም ሰርጓጅ ላይ ጻፉት። «መቀሌ» የተባለው ምጽዋ ነበር የሰፈረው፤ እዚያ ከነበሩት ስምንት ሰርጓጆች አንዱ ነው። ምጽዋ ማለት የቦንጋ ሲራራ መጨረሻ ማለት ነው።

ጣሊያን በጁን 10፣ 1940 ጦርነት አወጀች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከስምንቱ አራቱ ጠፉ። «መቀሌ» ከማቀዝቀዣው የወጣ መርዛማ ጋዝ ሠራተኞቹን መርዟቸው በጁን 15 ኮራል ድንጋይ ላይ ወጣ። «ጋሊሌዮ ጋሊሌይ» አንድ የኖርዌይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ካሰጠመ በኋላ፣ በጁን 19 ኤደን አጠገብ ተማረከ። የማረከው ሙንስቶን ይባላል፤ ዓሣ ማጥመጃ መርከብ ተቀይሮ መሣሪያ የተገጠመለት ነው። ውስጡ በተገኙት ወረቀቶች ሌሎቹ ያሉበት ታወቀና ሁለት ተጨማሪ ሰርጓጆች ተመቱ።

ከዚያ በኋላ ቀይ ባሕርን የጠበቀው ኮንቮይ ነው። ከቦምቤይ የሚነሱት የንግድና የጦር ሠራዊት መርከቦች ተሰብስበው፣ ከህንድ፣ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጭምር በመጡ አጃቢዎች ተከበው ወደ ስዊዝ ይወጡ ነበር። በኦክቶበር 1940 ቢ.ኤን. 7 የተባለው፣ 32 መርከብ የያዘ ኮንቮይ በሌሊት በጣሊያን የጦር መርከቦች ተጠቃ። አንድም የንግድ መርከብ አልሰጠመም፤ ከአጥቂዎቹ አንዱ፣ ፍራንቼስኮ ኑሎ፣ በነጋታው ጠፋ። በኋላ ከረን ላይ የተዋጋው 5ኛው የህንድ ክፍለ ጦር ፖርት ሱዳን የወረደው በዚሁ ባሕር ነው። ምጽዋ በኤፕሪል 8፣ 1941 ወደቀች። የተረፉት አራት ሰርጓጆች ቀድመው አፍሪካን ዞረው ወደ ቦርዶ ሸሽተው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሩዝቬልት ቀይ ባሕር ከእንግዲህ የጦርነት ቀጠና አይደለም ብሎ ለአሜሪካ የንግድ መርከቦች ከፈተው። ንጉሠ ነገሥቱ ሜይ 5 አዲስ አበባ ገቡ፤ ጅማ በጁን 21 ነፃ ወጣች።

አርበኞች በየዱሩ የከፈሉትን አልረሳሁም፤ እነሱ ባይኖሩ የሚመለሱበት አገር አይኖርም ነበር። ግን በትምህርት ቤት የነፃነቱን ታሪክ ስንማር ስለነዚያ ዘገምተኛ ጭነት መርከቦች አንድ መስመር አልተነገረንም። ስንቅና ጥይት ከሰማይ የወረደ ይመስለን ነበር።

*

ዋናው መከራከሪያ ይህ ነው፣ አቅልዬ አላየውም፦ «ራስህ እኮ መልሱን ሰጠኸው! ያኔ ያጀቡት እንግሊዞች ናቸው። የራስህ አጃቢ ከሌለህ በሰው ፈቃድ ነው የምትኖረው። ስለዚህ ባሕር ኃይል ያስፈልገናል።»

ግማሹ ትክክል ነው። አጃቢ የሌለው ኮንቮይ መንጋ ነው። በጁላይ 1942 ወደ ሩሲያ ይሄድ የነበረው ፒ.ኪው. 17 ኮንቮይ የጀርመን ትልቅ የጦር መርከብ ሊመጣ ነው በሚል ፍርሃት አጃቢዎቹ ተነሱለት፣ «ተበተኑ» ተባለ። መርከቡ አልመጣም። ከ35ቱ የንግድ መርከቦች 24ቱ በሰርጓጅና በአውሮፕላን አንድ በአንድ ተለቅመው ሰጠሙ። ስለዚህ አጃቢ አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

ግማሹ ግን ስህተት ነው፤ ይህን ደግሞ የራሳችን ታሪክ ነው የሚነግረን። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1955 ተቋቋመ። ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ነበረው፣ ጥሩ መኮንኖች አፍርቷል፤ «ኢትዮጵያ» የተባለች የአሜሪካ ስሪት ትልቅ መርከብ ነበረችው። በ1991 ወደቡ ሲጠፋ የተረፉት መርከቦች ወደ የመን ሸሹ፣ ከዚያ ጅቡቲ መጡ፣ በ1996 ጅቡቲ ላይ በሐራጅ ተሸጡ። የወደብ ኪራይ ዕዳ የነበረበት ባሕር ኃይል፣ አስቡት።

የኢትዮጵያ ንግድ መርከብስ? በ1964 ነው የተመሠረተው። እሱም ያንኑ ወደብ አጣ። በ1998 ጦርነት ሲነሳ አሰብንም አጣ። ግን አልሞተም። ጅቡቲን ይዞ ቀጠለ፣ ቻይና ላይ አዳዲስ መርከቦች አሠራ። ዛሬ ከመርከቦቹ አንዷ «ጊቤ» ትባላለች፤ ያ የቦንጋ ሲራራ የሚሻገረው ወንዝ። ሌላዋ «መቀሌ» ናት። አንዱ መቀሌ ቶርፔዶ ጭኖ ከምጽዋ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ቀረ፤ ሌላዋ መቀሌ ጭነት ይዛ ትገባለች። የትኛዋን ፖስት እንደምናደርግ ራሳችሁን ጠይቁ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ጭነት፣ መርከበኛ፣ መርከብ፣ ከዚያ አጃቢ። ባሕር ኃይሉን እንደገና የማቋቋም ሐሳብ በ2018 ከተነገረ ወዲህ፣ በተለይ ከጃንዋሪ 1፣ 2024ቱ የሶማሌላንድ የመግባቢያ ሰነድ በኋላ፣ ኦንላይን ያለው ወሬ ሁሉ ከመጨረሻው ይጀምራል። ከአጃቢው ጀምሮ አጃቢው ላይ ያበቃል። የሚታጀበው ነገር የለበትም።

*

አሁን ደግሞ ዛሬን እንይ። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ የተመታው የጦር መርከብ ሳይሆን የንግድ መርከብ ነው። ጋላክሲ ሊደር የተባለችው መርከብ 25 ሠራተኞች ከአንድ ዓመት በላይ ታግተው ቆዩ። ሩቢማር ማዳበሪያ እንደጫነች ተመትታ በማርች 2024 ሰጠመች፤ ማዳበሪያ በመርከብ የምታስገባ አገር ሰው ሆኖ ይህን ዜና ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል። በዚያው ወር ትሩ ኮንፊደንስ ላይ ሦስት መርከበኞች ሞቱ፤ ሁለቱ ፊሊፒናውያን፣ አንዱ ቬትናማዊ። አንዳቸውም የማንም ጦርነት ውስጥ አልነበሩም።

አውሮፓውያን በፌብሩዋሪ 2024 አስፒደስ የሚባል ተልዕኮ ከፍተው መርከቦችን ማጀብ ጀመሩ። አጃቢዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ባሕሩ ያው ሰፊ ነው። በጁላይ 2025 ማጂክ ሲስና ኢተርኒቲ ሲ የተባሉት መርከቦች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተመትተው ሲሰጥሙ አጃቢ አልነበራቸውም። ብቻቸውን ነበር የሚሄዱት። የእማማ ጥያቄ 1917ትም፣ 2025ትም ያው ነው።

መርከበኛው ደግሞ ሁልጊዜ ከታሪኩ ጠርዝ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ የብሪታንያ የንግድ መርከበኛ መርከቡ ከሰጠመበት ደቂቃ ጀምሮ ደመወዙ ይቆም ነበር። ጀልባ ላይ ሆኖ አትላንቲክ መሃል ሲቀዝፍ ሥራ ፈት ነው ማለት ነው። ይህ የተስተካከለው በሜይ 1941 ነው። ከእነዚያ መርከበኞች ብዙዎቹ ህንዶች፣ ቻይናውያን፣ የመኖች፣ ሶማሌዎች ነበሩ። ሐውልቱ ላይ ስማቸውን ፈልጉ፤ መጀመሪያ የሚታያችሁ የአድሚራሉ ፈረስ ነው።

እኛስ ከዚህ እንሻላለን? ጓደኛዬ ያን ጉዞ ሲሄድ እናቱ ጋ የደወለ አንድም ሰው አልነበረም። ልጅዎ ወደ አደጋ ቀጠና እየገባ ነው፣ እምቢ የማለት መብት አለው ወይም የለውም፣ ተጨማሪ ይከፈለዋል ወይም አይከፈለውም ያለ የለም። የቀጠረው ድርጅት ስልክ አያነሳም። መረጃ የሰጣቸው እኔ ነኝ፣ እኔም ዋሸሁ።

ጉዳዩ ባሕር ላይ ብቻም አይደለም። ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት መሬት ከነካ በኋላ በሹፌር ነው የሚሄደው። ከቦንጋ የሚወጣው ቡና ባሕር እስኪደርስ በሹፌር ነው የሚሄደው። ዛሬ በስንቱ መንገድ ላይ ሹፌሮች ተሰብስበው፣ ታጅበው፣ ወይ ደግሞ አጃቢ ጠብቀው መንገድ ዳር አድረው እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቃለን። የታገተ ሹፌር ዜና ስናይ ስክሮል እናደርጋለን። ሰርጓጅ ፎቶ ስናይ ሼር እናደርጋለን። የቀይ ባሕርን ኮንቮይ የሚመኝ ሰው የገዛ መንገዱን ኮንቮይ አለማየቱ ነው የሚገርመኝ።

*

ታዲያ ምን ይሁን? ኢንጂነር ነኝና ቅሬታ ብቻ ይዤ አልመጣም።

መጀመሪያ እንቁጠር፣ እንደ ሄንደርሰን። ስንት ኢትዮጵያውያን መርከበኞች አሉ፣ በየትኞቹ መርከቦች፣ በምን ውል? ይህ ለአንድ ትንሽ የሶፍትዌር ቡድን የጥቂት ወራት ሥራ ነው። መርከባቸው አደጋ ቀጠና ስትገባ ለቤተሰብ የሚደውል፣ ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው ይመደብ። ሁለተኛ፣ ከሥልጠናው የሚወጣ ልጅ ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ውሉን በሚገባው ቋንቋ አንብቦ፣ ጦርነት ቀጠና ላይ መብቱ ምን እንደሆነ ይወቅ። ሦስተኛ፣ ባሕር ኃይሉን የሚያቅዱት ሰዎች ወደፊት ዕቅዳቸውን ሲያስረዱን ከመርከቡ ርዝመት አይጀምሩ። የትኛውን ጭነት፣ ከየት እስከ የት፣ ስንቱን ያደርሳሉ? በዚህ ቁጥር ይለኩ። ቁጥሩ ጥሩ ከሆነ መጀመሪያ የማጨበጭበው እኔ ነኝ።

አራተኛው ለእኔና ለእናንተ ነው። ባለ አምስት እግሩን አንበሳ ከማጋራታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጠይቁ። ሰው ሲሸጥ ያጀበም ሲራራ ነበር፤ ስንዴ ያደረሰም ኮንቮይ ነበር። ልዩነቱ አጃቢው ላይ አልነበረም።

ነጥቧ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተመለሰች። ጅዳ አቅጣጫ፣ ወደ ሰሜን፣ በ13 ኖት። ሮጬ እማማ ጋ ሄድኩና ስልኩን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። አጠገቧ ሌላ ነጥብ አልነበረም።

«ብቻዋን ናት» አሉ። ስልኩን መለሱልኝና ቡናውን ሊያቀራርቡ ተነሱ።